የመኪና ፊውዝ፦ ዓይነቶቹ፣ አፈታተሹና አተካኩ

የመኪና ፊውዝ ከባትሪ ተነስቶ ወደ መብራት፣ ወደ ክላክስ፣ ወደ ዝናብ መጥረጊያና ወደ ሌሎች የኤሌክትሪክ ዕቃዎች በሚሄደው መስመር ላይ የሚገባ፣ በውስጡ የሚያልፈው ኃይል ከተወሰነለት መጠን ሲበልጥ ራሱ ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጥ ትንሽ የመከላከያ ዕቃ ነው። ብዙ አሽከርካሪዎች ፊውዝ የተሠራው ሬዲዮውን ወይም አምፖሉን ለማዳን ይመስላቸዋል፤ ዋና ሥራው ግን ሽቦውን ማዳን ነው። ሽቦ ከአቅሙ በላይ ኃይል ሲያልፍበት ይግላል፣ የለበሰው ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ ከወንበርና ከምንጣፍ ሥር ተደብቆ የሚሄድ በመሆኑም ጭሱ ከመታየቱ በፊት እሳቱ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ፋብሪካው ለእያንዳንዱ መስመር የሚመርጠው ፊውዝ በዚያ መስመር ካለው ሽቦ ቀድሞ እንዲቀልጥ ተደርጎ የተለካ ነው። በፊውዙ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከዚህ ስሌት የመጣ እንጂ በግምት የሚለወጥ አይደለም።

በቀላሉ የሚገኝ የአማርኛ ማጣቀሻ ስለሌለ፣ ይህ ዳሰሳ የተጠናቀረው ከመኪና አምራቾች የአጠቃቀም መመሪያዎች፣ ስለ ፊውዝ ከወጡ ዓለም አቀፍ ደረጃዎችና በአዲስ አበባ ጋራዦች ሲወርድ ሲዋረድ ከመጣው የመኪና ኤሌክትሪክ ሙያ ልማድ ነው።

ከላዳ ፊውዝ እስከ ባለ ቀለሙ ፊውዝ

በቀደሙት መኪኖች ሁለቱ ጫፎቹ በብረት የተከደኑ ትንሽ የመስታወት ቱቦ ፊውዞች ይሠራባቸው ነበር። በእኛ አገር ከእነሱ የበለጠ የሚታወሰው ግን በፎልስዋገን፣ በፊያትና በላዳ ውስጥ የነበረው፣ ሁለት ጫፉ ሾጠጥ ያለ የሸክላ ወይም የፕላስቲክ ፊውዝ ነው። የሚቀልጠው ቀጭን ብረት ከሸክላው በላይ፣ በጎኑ በኩል ተዘርግቶ በግልጽ ይታያል፤ ነጩ የ8፣ ቀዩ የ16 አምፔር (በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኃይል መለኪያ) ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 በቶሊያቲ ከተማ መመረት የጀመረችው ላዳ ከፊያት 124 የተወለደች በመሆኗ ይህንኑ የፊውዝ ዓይነት ወርሳለች፤ ለብዙ ዓመታትም የአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሆና ስትሠራ፣ የከተማዋ የመኪና ኤሌክትሪሺያኖች በአብዛኛው ሙያቸውን ያዳበሩት በእሷ ላይ ነው።

የላዳ ፊውዝ የራሱ ጠባይ ነበረው። ፊውዙን ጫፍና ጫፉን ይዘው የሚያቆሙት ሁለት የብረት ምላሶች በጊዜ ብዛት ይዝጋሉ፣ ጉልበታቸውም ይላላል፤ በዚህ ጊዜ ፊውዙ ሳይቀልጥ መብራቱ ይጠፋል። ልምድ ያለው ሾፌር ክዳኑን ከፍቶ ፊውዙን በጣቱ ጫፍ አንድ ሁለት ጊዜ ሲያሽከረክረው ዝገቱ ይፋቅና መብራቱ ይመለሳል። ይህ ትክክለኛ ዘዴ ነበር፤ ከእሱ ጎን ለጎን የተለመደው ሌላው ዘዴ ግን እጅግ ጎጂ ነበር። የቀለጠውን ፊውዝ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ በወጣ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ ወደ ቦታው መመለስ መብራቱን ያበራል፤ በዚያ መስመር ላይ የነበረው ጥበቃ ግን ያኔውኑ ያበቃል። ቅርጹ ለመጠቅለል የተመቸ በመሆኑ ልማዱ ተስፋፍቶ ነበር፤ በዛሬዎቹ መኪኖችም ሽቦ በመጠምዘዝና ሳንቲም በመሸጎጥ መልኩን ቀይሮ ቀጥሏል።

ዛሬ በመንገድ ላይ ካሉት መኪኖች አብዛኞቹ የሚጠቀሙት ሁለት ጠፍጣፋ እግር ያለውን፣ በቀለማት የሚለየውን የፕላስቲክ ፊውዝ ነው። ይህን ዓይነት ያስተዋወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1927 በቺካጎ የተመሠረተው ሊተልፊውዝ የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ በ1970ዎቹ ከወጣ በኋላ የመስታወቱንም የሸክላውንም ቦታ ወስዷል። በእግሮቹ መካከል ያለው ቀጭን ብረት በፕላስቲኩ ውስጥ ስለሚታይና በአናቱ ላይ ሁለት ትንንሽ የተጋለጡ የብረት ነጥቦች ስላሉት፣ ከቦታው ሳይነቀል መመርመር ይቻላል። አይኤስኦ 8820 የተባለው ደረጃ መጠኑንና ቀለሙን አንድ ወጥ ስላደረገው፣ ከጃፓን የመጣም ሆነ ከጀርመን የመጣ መኪና ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30 አምፔር ነው። ወደ ቡና መልክ የሚያደላው ፈዛዛ ቀለም 5፣ ቡኒው 7.5፣ ቀለም የሌለው 25 አምፔር ነው። መካከለኛው፣ አነስተኛውና ትልቁ መጠን በአብዛኛው ይህንኑ የቀለም ቋንቋ ቢጠቀሙም፣ ከኮፈን ሥር የሚገኙት የሳጥን ቅርጽ ያላቸው ከፍተኛ ፊውዞች የራሳቸው ቀለም አላቸው። በእነሱ ዘንድ አረንጓዴው 40፣ ቀዩ 50 አምፔር ስለሆነ፣ በቀለም ብቻ መተማመን ያሳስታል፤ ቁጥሩ ሁልጊዜ መነበብ አለበት።

ፊውዝ በተጻፈበት ቁጥር ላይ እንደደረሰ ወዲያውኑ አይቆርጥም። በደረጃው መሠረት ባለ ሁለት እግሩ ፊውዝ ከተጻፈበት በ10 በመቶ የሚበልጥ ኃይል ቢያልፍበት ለብዙ ሰዓታት ይቋቋማል፤ በ35 በመቶ ሲበልጥ ለመቅለጥ እስከ 10 ደቂቃ ሊፈጅበት ይችላል፤ እጥፍ ሲሆን ግን ከ5 ሰከንድ አያልፍም። የ10 አምፔሩ ቦታ ላይ 30 የሚያስገባ ሰው፣ ሽቦው ለምን ያህል ጊዜ ከአቅሙ በላይ እንዲግል እንደፈቀደ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የተቃጠለውን ፊውዝ ማግኘት

ፍለጋው የሚጀምረው ከፊውዝ ሳጥኑ ሳይሆን የትኞቹ ዕቃዎች አብረው እንደጠፉ ከማስተዋል ነው። በብዙ መኪኖች የቀኝና የግራ የፊት መብራቶች ፊውዝ የተለያየ ነው፤ ይሁንና አንድ መብራት ብቻ ሲጠፋ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት አምፖሉ ነው። አንድ የ55 ዋት አምፖል በ12 ቮልት የሚወስደው 4.6 አምፔር ያህል በመሆኑ ጤነኛ አምፖል ፊውዙን አያስጨንቀውም። የውስጥ መብራቱ፣ ሰዓቱና የሬዲዮው ትውስታ አብረው ከጠፉ ግን አንድ ፊውዝ የሚጋሩ መሆናቸው አይቀርም።

አብዛኞቹ መኪኖች ሁለት ሳጥን አላቸው፤ አንደኛው በሾፌሩ በኩል ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ሁለተኛው ከኮፈን ሥር ከባትሪው አጠገብ ነው። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የእያንዳንዱ ቦታ ስምና አምፔር በአጭሩ ተጽፎ ይገኛል። በቶዮታ መኪኖች ላይ ሆርን የሚለው ክላክሱን፣ ስቶፕ የሚለው የፍሬን መብራቱን፣ ቴይል የሚለው የኋላና የማቆሚያ መብራቶችን፣ ዶም የሚለው የውስጥ መብራቱን፣ ሲአይጂ የሚለው የሲጋራ መለኮሻውን ያመለክታል። ክዳኑ ጠፍቶ ወይም ጽሑፉ በጃፓንኛ ሆኖ ከተገኘ የመኪናውን መመሪያ ማግኘት ይመረጣል፤ ያለ ሥዕሉ ፊውዝ እየነቀሉ መሞከር የሞተሩንና የኤርባጉን መቆጣጠሪያ ኃይል ሳይታሰብ ሊያቋርጥ ይችላል።

ከመንቀል በፊት መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቆማል፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ መብራትና ሬዲዮ ይጠፋሉ፣ ቁልፉም ይነቀላል። ለትንንሾቹ ፊውዞች ይህ በቂ መሆኑን የአምራቾቹ መመሪያዎች ይገልጻሉ፤ አንዳንድ ባለሙያዎች ግን በማንኛውም ሁኔታ ባትሪው ይፈታ ይላሉ፤ ጥንቃቄያቸው የሚነቀፍ አይደለም። በብሎን የታሰሩትንና ከባትሪው አጠገብ ያሉትን ትልልቅ ፊውዞች በተመለከተ ግን ሁለት አስተያየት የለም፤ ባትሪው መፈታት አለበት፤ ሲፈታም ኔጌቲቩ ይቀድማል። ፖዘቲቩን አስቀድሞ የሚፈታ ሰው የብሎን መፍቻው የመኪናውን ብረት ከነካ ባትሪውን በቀጥታ ሾርት ስለሚያደርገው (ኃይሉ በዕቃ ሳያልፍ በአቋራጭ ስለሚፈስ) እጁ ሊቃጠል፣ ከባትሪው የሚወጣው ጋዝም በብልጭታው ሊቀጣጠል ይችላል። ቀለበትና የብረት ማሰሪያ ያለው ሰዓት አስቀድመው ይወልቃሉ። በኤርባግ አካባቢ መሥራት ካስፈለገ ደግሞ የቶዮታ መመሪያ ኔጌቲቩ ከተፈታ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ እንዲጠበቅ ያዝዛል።

ፊውዙ የሚነቀለው በፕላስቲክ መንቀያ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሳጥኑ ክዳን ላይ ተሰክቶ የሚገኘው ትንሽ መቆንጠጫ ለዚሁ ተብሎ የተቀመጠ ነው። በብረት ፒንሳ መያዝ የፊውዙን ፕላስቲክ ከመሰንጠቁም በላይ አጠገቡ ያለውን ፊውዝ ሊነካ ይችላል። ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ ይገባል፤ ወዲያና ወዲህ መወዝወዝ የሳጥኑን ማቀፊያ ያላላል። የወጣው ፊውዝ በብርሃን ላይ ሲያዝ፣ በእግሮቹ መካከል ያለው ቀጭን ብረት መሃሉ ላይ ተበጥሶ ወይም ፕላስቲኩ በውስጥ በኩል ጠቁሮ ከታየ ተቃጥሏል። ስንጥቁ ከጸጉር የቀጠነ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ ዓይን ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም፤ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) በድምፅ ማሳያው ላይ አድርጎ ሁለቱን እግሮች መንካት ጥርጣሬውን ይፈታል፤ ድምፅ ካለ ፊውዙ ደህና ነው።

ሌላው ዘዴ ፊውዙን ሳይነቅሉ በመሞከሪያ አምፖል መለካት ነው። የአምፖሉ መቆንጠጫ ቀለም በሌለው የመኪናው ብረት ላይ ይታሰራል፣ ቁልፉ ይከፈታል፣ የጠፋው ዕቃ ማብሪያም ይበራል፤ ከዚያ በመርፌው የፊውዙ አናት ላይ ያሉት ሁለት ነጥቦች በየተራ ይነካሉ። በሁለቱም ላይ አምፖሉ ከበራ ፊውዙ ደህና ነው፤ በአንዱ ብቻ ከበራ ተቃጥሏል፤ በሁለቱም ካልበራ ኃይሉ ወደ ፊውዙ ራሱ አልደረሰም፤ ችግሩም ከዚያ በፊት ባለው መስመር ነው። ይህ ዘዴ ለመብራትና ለክላክስ መስመሮች የታወቀ ቢሆንም፣ በኤርባግና በሞተር ኮምፒውተር መስመሮች ላይ ፈጽሞ መሞከር የለበትም።

መተካትና ድጋሚ ሲቃጠል

የሚተካው ፊውዝ በመጠኑም በአምፔሩም ከቀድሞው ጋር እኩል መሆን አለበት። መኪናው ውስጥ የነበረው ፊውዝ ራሱ ቀደም ሲል በማይመጥን ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል፣ መለኪያው የወጣው ፊውዝ ሳይሆን በክዳኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። መንገድ ላይ ተመሳሳይ ከጠፋ በቁጥር ያነሰ ማስገባት ይፈቀዳል፤ ቶሎ ሊቃጠል ቢችልም ሽቦውን አይጎዳም። ወይም እንደ ሲጋራ መለኮሻና ሬዲዮ ካሉ ለጉዞ ከማያስፈልጉ መስመሮች እኩል አምፔር ያለውን መዋስ ይቻላል። ከፍሬን መብራትና ከፍሬቻ መስመር ግን አይወሰድም፤ የሾፌሩን ችግር ከኋላ ለሚመጣው ሰው ማስተላለፍ ነውና።

አዲሱ ፊውዝ እንደገባ ከተቃጠለ ችግሩ ከፊውዙ አይደለም። ሁለተኛ መሞከር ምናልባት ይፈቀድ ይሆናል፤ ሦስተኛና አራተኛ መመገብ ግን ሽቦውን በየጊዜው እያጋሉ ማዳከም ነው። በተደጋጋሚ የሚታዩት ምክንያቶች በሲጋራ መለኮሻው ውስጥ የወደቀ ሳንቲም፣ ጥራቱ የጎደለ የስልክ ቻርጀር፣ በበር ማጠፊያ በኩል ሲታጠፍ ሲዘረጋ የተላጠ ሽቦ፣ በኋላ መብራት ውስጥ የገባ ውኃ፣ እንዲሁም ከፋብሪካ ውጪ የተጨመሩ መብራት፣ ክላክስና ማንቂያ ናቸው። ዕቃ ሲጨመር የራሱ ፊውዝ ያለው መስመር ከባትሪው ሊወጣለት ይገባል፤ በነበረው መስመር ላይ መቀጠል በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ስሌት ያፈርሳል።

የመኪና ኤሌክትሪሺያኖቻችን ጥበብ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ባለሙያ ፊውዝ እያቃጠለ አይፈልግም፤ በፊውዙ ቦታ የፊት መብራት አምፖል በሁለት ሽቦ አስገብቶ ማብሪያውን ይከፍታል። ሾርቱ እስካለ ድረስ አምፖሉ በሙሉ ብርሃኑ ይበራል፤ አምፖሉ ራሱ ኃይሉን ወደ 4 ወይም 5 አምፔር ስለሚገድበውም ሽቦው አይጎዳም። ከዚያ በመስመሩ ላይ ያሉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ እየነቀለ፣ የሽቦውን እሽግ ከዳሽቦርዱ ሥር ጀምሮ በእጁ እየነካካ ወደ ኋላ ይሄዳል። አምፖሉ ድንገት ፈዘዝ ሲል ወይም ሲጠፋ እጁ ያረፈበት ቦታ የተላጠው ሽቦ ያለበት ነው። በተግባረ ዕድ ሥርዓት ባለው ትምህርት የተማረውም በጋራዥ ከጌታው ሥር ቁጭ ብሎ የተማረውም ይህን ዘዴ እኩል ይጠቀምበታል፤ ውድ መሣሪያ ሳያስፈልገው እስከ ዛሬ በታማኝነት ያገለግላል።

ብረቱ ሳይበጠስ የፊውዙ ፕላስቲክ ብቻ ቀልጦ ወይም እግሩ ጠቁሮ ከተገኘ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የላላ ማቀፊያ ስለሆነ አዲስ ፊውዝ ቢገባም ያው ሙቀት ይመለሳል፤ መጠገን ያለበት ማቀፊያው ነው።

በከባድ መኪኖችና በኤሌክትሪክ መኪኖች

አይሱዙና ሲኖትራክን የመሳሰሉ የጭነት መኪኖች በ24 ቮልት ይሠራሉ፤ የተለመደው ባለ ሁለት እግር ፊውዝ እስከ 32 ቮልት ስለሚችል በእነሱም ላይ ይገባል።

የኤሌክትሪክ መኪኖች ጉዳይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ጀምሮ፣ የብዙ ባለንብረቶች ጥያቄ ሆኗል። እነዚህም መኪኖች ለመብራት፣ ለመስኮትና ለሬዲዮ የሚያገለግል የ12 ቮልት ባትሪና ከላይ የተገለጹት ባለ ቀለም ፊውዞች አሏቸው፤ አፈታተሹም አተካኩም በመሠረቱ ያው ነው። የሚለየው መኪናውን የሚያንቀሳቅሰውን ትልቁን ባትሪ የሚጠብቀው ፊውዝ ነው። በብርቱካናማ ሽቦ የሚታወቀው ይህ መስመር በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚሸከም፣ ቁልፍ ተነቅሎም ኃይል ሊኖረው የሚችል በመሆኑ፣ ለዚሁ ከሠለጠነና መከላከያ ጓንት ካደረገ ባለሙያ በስተቀር ማንም ሰው ክዳኑን መክፈት የለበትም።