ስለ ክቡር ዘበኛና ስለ ባንዱ ሲወራ የምንሰማቸው ስህተቶች

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስለ ድሮ ጦር ወሬ ከተነሳ «አያቴ ክቡር ዘበኛ ነበሩ» የሚል ሰው አይጠፋም። ክቡር ዘበኛ የንጉሠ ነገሥቱ የክብር ዘብ ጦር ነበር፤ የራሱ ባንድም ነበረው። ደብረ ብርሃንም ሆነ መንዝ፣ ቡና እየተጠጣ ጨዋታው ይደምቃል። እኔም ደስ እያለኝ እሰማለሁ። ግን ከእውነቱ ጋር ብዙ ስህተት አብሮ ይወራል። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ክቡር ዘበኛ የቤተ መንግሥት በር ጠባቂ ነበር።»

ጃንሆይን መጠበቅ ሥራው ነበር፣ እውነት ነው። ግን መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጣሊያንን ፊት ለፊት ከገጠሙት አንዱ ይኸው ጦር ነው። ኮሪያስ? በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ሲዘምት ወታደሮቹ የተመለመሉት ከክቡር ዘበኛ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሦስት ሻለቆች እየተፈራረቁ፣ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆነው ተዋግተዋል። ከ120 በላይ ሰው ሞቶብናል፣ ከ500 በላይ ቆስሏል። የተማረከ ግን አንድም የለም። ይህን ጦር በር ጠባቂ ብቻ አድርጎ ማውራት የሞቱትን መበደል ነው።

«ያቋቋሙት አፄ ምኒልክ ናቸው።»

አይደሉም። የምኒልክ ጦር እምብርት መሐል ሰፋሪ ይባል ነበር። ክቡር ዘበኛ የተቋቋመው ከሰገሌ ጦርነት፣ ማለትም ከጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ወዲህ ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ በዘመናዊ መንገድ የሠለጠነ ጦር ፈለጉ፤ ኋላም የቤልጂግ መኮንኖች አስመጥተው አሠለጠኑት።

«ጣርማ በር ላይ ጣሊያንን ሊያግድ የወጣው ክቡር ዘበኛ ነው።»

ይህ የኛው አገር ታሪክ ስለሆነ ስሙ ቢስተካከል እወዳለሁ። ከማይጨው በኋላ የጣሊያኑ አዛዥ የባዶልዮ ጦር በመኪና ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፣ ጣርማ በር ላይ እንዲያግዱት የተላኩት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ካዴቶች ናቸው። ያሠለጠኗቸው የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ትምህርታቸውን እንኳን ገና አልጨረሱም። ያን ሁሉ ታንክና አውሮፕላን ሊያቆሙት አልቻሉም፣ ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ዛሬ በጣርማ በር ዋሻ የምናልፍ ሁሉ እነዚያን ልጆች ብናውቃቸው መልካም ነበር።

«የጦር ሙዚቃ ከፈረንጅ ጋር የመጣ ነው።»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይኼ ነው። የአንኮበር ነገሥታት ሲዘምቱ ያለ ነጋሪት፣ ያለ መለከትና ያለ እምቢልታ አይንቀሳቀሱም ነበር። ነጋሪት ቆዳ የተወጠረበት ትልቅ ከበሮ ነው፤ በበቅሎ ተጭኖ ይሄዳል፣ ጎሳሚው በዱላ ይመታዋል። ደግሞ ለማንም አይጎሰምም። ነጋሪት የሚመታለት ሹም ማዕረጉ ከሩቅ ይታወቃል። አዋጅም የሚነገረው በእሱ ነው።

እምቢልታውን ደግሞ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ረጅም ነው፣ የጣት ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ አንድ ነፊ የሚያወጣው ድምፅ ጥቂት ነው፤ ብቻውን ዜማ አይሞላለትም። ሦስት ሆነው ይቆማሉ። አንዱ ነፍቶ ሲያቋርጥ ሁለተኛው ይቀበላል፣ ከዚያ ሦስተኛው ይገባል። ዜማው የሚገኘው ከሦስቱም ነው። አንዱ ከዘገየ ሁሉም ይበላሻል። እንዲህ ያለ ሙዚቃ የነበረው ሠራዊት ሰልፍና ዲሲፕሊን ከፈረንጅ ተማረ ሲባል አልቀበልም። ከውጭ የመጣው የናስ መሣሪያውና ኖታው ነው።

«የመጀመሪያው የናስ ባንድ አርባ ልጆች ናቸው፣ የክቡር ዘበኛ ባንድም እነሱ ናቸው።»

ሁለት ስህተት ባንድ ላይ። የናስ መሣሪያ ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ለምኒልክ በስጦታ መጥቷል፤ የሚያስተምርም ሰው አብሮ ነበር። አርባ ልጆች የመጡት ከዚያ ብዙ ዘግይተው ነው። ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ፣ ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን አዩ። በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አስመጧቸው። የመንግሥቱ ባንድ ሆነው አገለገሉ እንጂ የክቡር ዘበኛ ወታደሮች አልነበሩም። ቡድኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተበተነ። እስከ አብዮቱ ድረስ የዘመርነውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት ግን እኚሁ ኬቮርክ ናቸው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው።

«ቃኘው የአስመራው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ስም ነው።»

ሰፈሩም በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ስሙ ግን የኛ ነው። ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፤ አባ ቃኘው ይባሉ ነበር፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደሚባሉት ሁሉ። ራስ መኮንን የተወለዱት ደግሞ እዚሁ አንኮበር አካባቢ፣ ደረፎ ማርያም ነው። ኮሪያ ተራራ ላይ የተጠራው ስም ከዚህ ቤት የወጣ ነው።

«ዘፋኞቹ ሲቪሎች ነበሩ፣ ከታኅሣሡ ግርግር በኋላም ባንዱ አከተመለት።»

የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኛ የጦሩ ሰው ነው፤ በጦሩ ሕግ ይተዳደራል፣ አለቃም አለበት። ለሰልፍ ማርሽ የሚመታ ባንድ ነበረ፣ ለመድረክ የሚጫወት ኦርኬስትራም ነበረ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የጦሩ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ መዘዙ ለሙዚቀኞቹም ተረፈ። ጥላሁን ገሠሠም ታሰረ። ሆኖም ጦሩ እንደገና ተደራጀ፣ ሙዚቃውም ቀጠለ። ማሕሙድ አሕመድ ኦርኬስትራውን የተቀላቀለው ከዚያ ግርግር በኋላ ነው፤ እስከ አብዮቱም ድረስ እዚያው ሲዘፍን ቆይቷል።