ማኅበረሰብ ሥነ ልቦና ምንድን ነው?

አንዲት እናት እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች። እህልም አስጠልቷታል። ጎረቤቶቿ «ሐሳብ አበዛች» ይላሉ። ባለሙያ ዘንድ ብትሄድ የእንቅልፉንና የድብርቱን ነገር ያይላታል፤ ይህ ያስፈልጋታል። ግን የሦስት ወር ኪራይ አለባት። አከራይዋ በየማለዳው በሯን ያንኳኳል። ታዲያ ችግሩ ያለው ጭንቅላቷ ውስጥ ብቻ ነው?

ማኅበረሰብ ሥነ ልቦና፣ ብዙዎች ኮሚዩኒቲ ሳይኮሎጂ የሚሉት፣ ከዚህ ጥያቄ የሚነሳ የሳይኮሎጂ ዘርፍ ነው። ሰውን ከሰፈሩ፣ ከሥራውና ከጎረቤቱ ሳይነጥል ያጠናል። የታመመውን ማከም ብቻ አይበቃውም፤ የሚያሳምመውን ነገር ቀድሞ መቀነስ ይፈልጋል። ሰፈሩ ራሱ ምን አቅም እንዳለውም ይጠይቃል።

ስሙ ሳይወጣለት በፊት የተሠራ አንድ ጥናት ሁሌም ይደንቀኛል። ማሪየንታል በቪየና አቅራቢያ ያለች የኦስትሪያ መንደር ናት። ወደ 1,500 የሚጠጉት ነዋሪዎቿ የሚተዳደሩት በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር 1930 ላይ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፋብሪካው ተዘግቶ አብዛኛው ቤተሰብ ሥራ ፈትቷል። ማሪ ያሆዳ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቿ ወደ መንደሯ ሲሄዱ መጠይቅ ብቻ ይዘው አልሄዱም። ልብስ አከፋፈሉ፣ ሕክምና አመጡ፣ ሰዉን ቀርበው አዩ። የሰዉን አረማመድ ሳይቀር በሰዓት ለኩ። ወንዶቹ አጭሯን መንገድ ለመጨረስ ደጋግመው ይቆማሉ። የሚቸኩሉበት ነገር የለማ! የቤት ሥራ የሚጠብቃቸው ሴቶች ግን ፈጠን ብለው ያልፋሉ። ጊዜ ተትረፍርፎ ሳለ፣ ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚዋሰው ሰው ቀነሰ። ሥራ ማጣት ደመወዝ ብቻ አይደለም የሚወስደው። ቀኑንም ይበትነዋል፣ ነገን ማሰብም ያስተዋል። ሰውን ለብቻው ክፍል ውስጥ አስቀምጦ በማነጋገር ብቻ ይህን ማወቅ ይከብዳል።

ዘርፉ በዚህ ስም የተመሠረተው በ1965፣ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ስዋምፕስኮት በተባለች ከተማ በተደረገ ጉባኤ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ጆርጅ አልቢ የተባለ ሳይኮሎጂስት ቁጥሩን ደማምሮ አንድ እውነት አሳይቶ ነበር፦ የቱንም ያህል ባለሙያ ቢሠለጥን ለተቸገረው ሁሉ አይዳረስም።

ይህን እውነት በተግባር የተጋፈጠው ዚምባብዌያዊው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ ነው። አንዲት ታካሚው ወደ ሆስፒታል መምጫ 15 ዶላር አጥታ ቀረች፤ በኋላም ሕይወቷን አጠፋች። በ2006 ሐራሬ ውስጥ፣ ምባሬ በሚባል ሰፈር ሥራ ሲጀምር ገንዘብም ክፍልም አልነበረውም። ያገኘው 14 አያቶችንና ደጅ ላይ የሚቀመጥ አግዳሚ ወንበር ነው። መጀመሪያ «የአእምሮ ጤና አግዳሚ» ሲባል ማንም ሊቀመጥበት አልፈለገም። አያቶቹ «የወዳጅነት አግዳሚ እንበለው» አሉ፤ ሰው መጣ። ሕመሙንም ሰዉ በሚያውቀው የሾና ቃል «ኩፉንጊሲሳ» ብለው ጠሩት። ትርጉሙ ሐሳብ ማብዛት ነው፤ ልክ የኛ ጎረቤቶች እንደሚሉት።

አያቲቱ መጀመሪያ ታዳምጣለች። ከዚያ ችግሮቹን አብረው ይዘረዝራሉ፤ ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ይመርጣሉ። ኪራዩ ከሆነ ኪራዩ። በዚህ ሳምንት ምን ማድረግ ይቻላል? እሱን ተነጋግረው ይለያያሉ። በ2016 የወጣው ጥናት 573 ሰዎችን ተከታትሏል። ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የሚታይባቸው፣ በተለመደው አገልግሎት ከቆዩት መካከል 50 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከአያቶቹ ጋር ከተቀመጡት ግን 14 በመቶ ገደማ ብቻ።

እንግዲህ ይህን ዘርፍ የሚማር ሰው ማዳመጥን ይማራል፣ ስታቲስቲክስም ይማራል፤ አንድ ሥራ በርግጥ ጠቅሞ እንደሆነ መለካት ግዴታው ነውና። ከሁሉ በላይ ግን፣ በኔ እምነት፣ ያለውን ማየት መማር አለበት።

እኛ ጋ እድር አለ። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። በኤችአይቪ ክፉ ዘመን ከቀብር አልፈው ወላጅ ያጡ ልጆችን የደገፉ እድሮችም ነበሩ። ሥራውን ላጣ ሰው ግን ድንኳን አይተከልም። ሐዘኑን ቤቱ ዘግቶ ነው የሚቀመጠው።

አሁን የእድሩን መዝገብ እናስብ። ወርኃዊ መዋጮዋን ሁሌም በሰዓቱ ትከፍል የነበረች አንዲት እናት ሦስት ወር ዘለለች። ጸሐፊው በደንቡ መሠረት ቅጣት ይጽፍባታል። ማኅበረሰብ ሥነ ልቦና የተማረ ሰው እዚያው መዝገብ ላይ ሌላ ነገር ያነባል፦ ከሰፈሩ ሁሉ ዛሬ ማታ ቡና ይዞ መሄድ የሚገባው እሷ ቤት ነው።