ማኅበራዊ በራስ መተማመን ምንድን ነው? በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓደኛ ስለ ማፍራት

ማኅበራዊ በራስ መተማመን ማለት አንድ ሰው ከሌሎች ጋር በሚገናኝበት ጊዜ፣ በተለይም ገና ካልለመዳቸው ሰዎች ጋር፣ የሚገጥመውን ነገር ሊወጣው እንደሚችል ስለ ራሱ የሚይዘው ግምት ነው። ግምት እንደመሆኑ ከእውነታው ሊያንስ ወይም ሊበልጥ፣ በአዲስ ማስረጃም ሊታረም ይችላል። አዲስ ትምህርት ቤት የገባ ተማሪ ከክፍሉ በር ላይ ቆሞ የት እንደሚቀመጥ ሲያመነታ በልቡ የሚያሰላው ይህንኑ ነው፦ «አጠገቡ ብቀመጥ ምን ይለኛል? ሳናግረው ዝም ቢለኝስ? ዝም ቢለኝ ያንን እችለዋለሁ?» ከሦስቱ ጥያቄዎች ወሳኙ የመጨረሻው ነው። በራሱ የሚተማመን ተማሪ ሁሉም ሰው እንደሚወደው እርግጠኛ የሆነ ሳይሆን፣ አንድ ሰው ባይወደው እንኳ ነገሩን ተሸክሞ ማለፍ እንደሚችል የሚያውቅ ነው።

ነገሩ በዚህ መልክ ሲታይ፣ በተማሪዎች ዘንድ በራስ መተማመን እየተባሉ ከሚደነቁት ጠባዮች ብዙዎቹ ሌላ ነገር ሆነው ይገኛሉ። ብዙ የሚያወራ ተማሪ ዝምታውን መቋቋም ስላልቻለ የሚያወራ ሊሆን ይችላል፤ በሌሎች ላይ እያሾፈ የሚያስቅም እንዲሁ። ዝምተኝነትም ቢሆን የግድ ፍርሃትን አያመለክትም። ብቻውን መሆን የሚያረካው ተማሪ አለ፤ ከሰው ጋር መሆን እየፈለገ የሚሸሽም አለ፤ ከሩቅ ለሚያያቸው ግን ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። መታገዝ ያለበት ሁለተኛው ነው፣ የመጀመሪያውን ደግሞ ተናጋሪ ካልሆንክ ብሎ ማስጨነቅ ከንቱ ድካም ነው። ዓይን አፋርነት ራሱ ብርቅ ነገር አይደለም፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፊሊፕ ዚምባርዶና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ባካሄዱት ጥናት ከተጠየቁት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ራሳቸውን ዓይን አፋር ብለው ገልጸዋል። ከክፍሉ ሁሉ የምፈራው እኔ ብቻ ነኝ ብሎ የሚያስብ ተማሪ፣ ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው ፍርሃት ማየት ስለማይችል ብቻ የተሳሳተ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ስለ ራስ የሚያዝ ግምት ከየት ይመጣል የሚለውን ጥያቄ ከሌሎች በተሻለ ያብራሩት የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሰው አንድን ተግባር ለመጀመርም ሆነ ጀምሮ ሲከብደው ለመቀጠል የሚወስነው ተግባሩን እወጣዋለሁ ብሎ ባመነበት ልክ እንደሆነ አስረድተው፣ የዚህን እምነት ምንጮች አራት አድርገው አቀረቧቸው። ከሁሉም የሚበረታው ራስ ሞክሮ መወጣት ነው። ሁለተኛው እንደ እኛ ያለ ሰው ሲሳካለት ማየት፣ ሦስተኛው የሌላ ሰው ማበረታቻ፣ አራተኛው ደግሞ የገዛ ሰውነታችንን ምልክቶች የምንተረጉምበት መንገድ ነው። ወላጅ ልጁን «አትፈር፣ አንተ እኮ ጎበዝ ነህ» ሲለው የሚጠቀመው በሦስተኛው ምንጭ ነው፤ ይህም ልጁ በማግስቱ አንድ ነገር ሞክሮ ካልሆነለት ወዲያው የሚተን ነው። በአንጻሩ በእረፍት ሰዓት አንዲት ጥያቄ ጠይቆ መልስ ያገኘ ተማሪ፣ ማንም ሳያመሰግነው፣ ስለ ራሱ የያዘውን ግምት በጥቂቱ አርሟል። በመሆኑም «መጀመሪያ በራሴ ልተማመን፣ ከዚያ አናግራቸዋለሁ» የሚለው ውሳኔ የቱንም ያህል አስተዋይነት ቢመስል የኋላውን ያስቀደመ ነው፤ መተማመኑ የሚመጣው ከመነጋገሩ በኋላ ነውና።

ሙከራው ግን በልክ መሆን አለበት። ለወራት ከማንም ጋር ሳይነጋገር የከረመ ተማሪ በአንድ ጊዜ በመላው ተማሪ ፊት ንግግር ለማድረግ ቢወስንና ቢደናቀፍ፣ ያተረፈው ነገር ቢኖር ቀድሞ የነበረውን ዝቅተኛ ግምት ማጽደቅ ነው። ስም መጠየቅ፣ ያመለጠ ማስታወሻ መዋስ፣ ስለ ፈተናው አንድ አስተያየት መስጠት፣ ከትምህርት በኋላ እስከ ግቢው በር አብሮ መሄድ፣ እያንዳንዳቸው ትንሽ ናቸው፤ ትንሽ መሆናቸውም ነው ጥቅማቸው። አራተኛውን ምንጭ በተመለከተ፣ የልብ መምታትና የእጅ ማላብ ሰውነት ለአንድ ተግባር ሲነቃቃ የሚያሳያቸው ምልክቶች ናቸው፤ ተማሪው «ይኸው፣ እየከሸፈብኝ ነው» ብሎ ሲተረጉማቸው ነው ወደ ሽሽት የሚገፉት።

ግምቱ በጉርምስና ዕድሜ ወደ ታች የሚያዘነብልበት ምክንያት አለው። ዴቪድ ኤልካይንድ እ.ኤ.አ. በ1967 እንደጻፉት፣ ጎረምሳ የሌሎችን ሐሳብ በአእምሮው መገመት የሚችልበት ደረጃ ላይ ቢደርስም እሱን የሚያስጨንቀው ነገር ሌሎችንም የሚያስጨንቃቸው ይመስለዋል፤ በዚህም ምክንያት ምናባዊ ተመልካቾችን ፈጥሮ ዘወትር በእነርሱ ፊት ይኖራል። ፊቱ ላይ የወጣችውን ብጉር ትምህርት ቤቱ በሙሉ የሚያያት ይመስለዋል። ከዚህ ጋር የሚዛመድ ዝንባሌ በትልልቅ ሰዎችም ላይ ተገኝቷል። ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚያፍሩበትን ዘፋኝ ምስል የያዘ ቲሸርት ለብሰው ሌሎች ወዳሉበት ክፍል እንዲገቡ ተደረገ። ለባሾቹ ከተቀመጡት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ምስሉን እንዳስተዋሉ ሲገምቱ፣ በእርግጥ ያስተዋሉት ሩብ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ሁለተኛው ስሕተት ይበልጥ የሚያስገርም ነው። ኤሪካ ቡዝቢና ሌሎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት የማይተዋወቁ ሰዎችን ለጥቂት ደቂቃ እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ ካደረጉ በኋላ እያንዳንዱ ሌላውን ምን ያህል እንደወደደውና በሌላው ምን ያህል እንደተወደደ ጠየቋቸው። ተሳታፊዎቹ በአማካይ በእርግጥ ከተወደዱት ያነሰ እንደተወደዱ ገመቱ። ይኸው ልዩነት በአንድ ማደሪያ በሚኖሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል ለወራት ዘልቆ ታይቷል። እንግዲህ አንድ ተማሪ ከአዲስ የክፍል ጓደኛው ጋር አውርቶ ሲለያይ «ሰለቸኝ ብሎ ይሆናል» የሚል ስሜት ቢያድርበት፣ ምናልባት ያኛውም ስለ ራሱ ያንኑ እያሰበ ነው የሄደው። በማግስቱ ሁለቱም ሰላምታ ከወዲያኛው እስኪመጣ ይጠብቃሉ፤ የሁለቱ ጥበቃ ደግሞ ለሁለቱም የመጠላት ማስረጃ ሆኖ ይቆጠራል። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል እንዲሉ፣ በዚህ ዓይነት ሳይጀመር የሚቀር ጓደኝነት ቁጥሩ ቀላል የሚሆን አይመስለኝም።

ጓደኝነት የሚመሠረትበትን መንገድ የሚያሳዩት ጥናቶችም ለዓይን አፋሩ የሚያደሉ ናቸው፤ ከጨዋታ አዋቂነት ይልቅ የቦታና የጊዜ ድርሻ ጎልቶ ይታይባቸዋልና። ሊዮን ፌስቲንገር፣ ስታንሊ ሻክተርና ከርት ባክ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ የተማሪ ቤተሰቦች መኖሪያ ውስጥ ሰዎች በብዛት የተወዳጁት በራቸው ከበራቸው ከሚቀራረብ ጎረቤቶቻቸው ጋር መሆኑን አሳዩ። ሚትያ ባክና ባልደረቦቻቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ በጀርመን አገር አዲስ የገቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በመጀመሪያው ዕለት በዕጣ በተለያየ ወንበር አስቀምጠው ከአንድ ዓመት በኋላ ሲጠይቋቸው፣ በዕጣ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሩቅ ከተቀመጡት ይበልጥ ተወዳጅተው አገኟቸው። ከዚህ በመነሣት አዲስ ለገባ ተማሪ መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር ስለ ንግግር ችሎታ ባይሆን ይሻላል። ከኋላ ጥግ ባዶ ወንበር ከመምረጥ ይልቅ ሰዎች ባሉበት አካባቢ መቀመጥ፣ ቦታን በየቀኑ አለመቀያየር፣ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት በሚገናኝ አንድ ክበብ ውስጥ መግባት፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ የሚደረጉ ነገሮች ናቸው፤ ውጤታቸው ግን ከተለማመዱት ንግግር ሊበልጥ ይችላል።

ቀሪው የሰዓት ጉዳይ ነው። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ትውውቅ ቀለል ወዳለ ጓደኝነት ለማደግ አብሮ የሚያሳልፉት 50 ሰዓት ያህል፣ ጓደኛ ለመባል 90 ሰዓት ያህል፣ የቅርብ ጓደኛ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ እንደሚወስድ ገምተዋል። የተጠኑት ወደ አዲስ አካባቢ የሄዱ አዋቂዎችና አዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለነበሩ ቁጥሮቹን ቃል በቃል ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ማዋል አይገባም፤ መጠኑ ግን ያስተምራል። ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት «ጓደኛ የለኝም» ብሎ የሚያዝን ተማሪ ሰዓቱን ቢያስበው ገና መንገድ መጀመሩ ነው። ሆል አብሮ በመሥራት ብቻ ያለፈ ሰዓት ያን ያህል እንደማያቀራርብም አስተውለዋል፤ ስለዚህ ጎን ለጎን ተቀምጦ መማሩ በር ይከፍታል እንጂ አይበቃም፤ የእረፍት ሰዓት፣ የመንገድ ላይ ወሬና ምንም የማይሠራበት ጊዜ ያስፈልጋል።

ወደ ንግግሩ ስንመጣ፣ «ራስህን ሁን» የሚለው ዘወትር የሚደጋገመው ምክር የማይረዳበት ምክንያት የተማሪውን ትኩረት ይበልጥ ወደ ራሱ ስለሚመልሰው ይመስለኛል። ዴቪድ ክላርክና ኤድሪያን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1995 ባቀረቡት ማብራሪያ መሠረት፣ ሰውን የሚፈራ ሰው ከሌሎች ጋር ሲሆን ድምፁን፣ ፊቱንና እጁን በውስጡ እየተከታተለ ስለሚቆጣጠር የሚያነጋግረውን ሰው ለመስማት የሚተርፈው ትኩረት ጥቂት ነው። ከዚህም ሌላ ራሱን ከውርደት የሚያድንባቸው የሚመስሉት መሸሸጊያ ልማዶች አሉት፦ ዓይኑን ስልኩ ላይ መትከል፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ መደርደር፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ መናገር። እነዚህ ልማዶች ጉዳታቸው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ምንም ክፉ ነገር ሳይደርስበት ሲቀር «ስልኬ አዳነኝ» ብሎ ስለሚያስብ ፍርሃቱ የሚፈተንበት ዕድል አያገኝም። ሁለተኛ፣ ስልኩን የሚያየውን ልጅ ሌሎች እንደ ፈሪ ሳይሆን እንደ ኩሩ ያዩታል፣ እነርሱም በተራቸው ይርቁታል።

ትኩረትን ወደ ውጭ ለማውጣት ከሚያገለግሉት መንገዶች ቀላሉ የሰማነውን ተከትሎ መጠየቅ ነው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ በውይይት ውስጥ ጥያቄ የሚያበዙ ሰዎች፣ በተለይም ሌላው ከተናገረው ተነሥተው የሚጠይቁ፣ ይበልጥ እንደሚወደዱ አሳይቷል። «ትናንት ልምምድ ነበረኝ» ላለ ልጅ «የምን ልምምድ?» ማለት በቂ ነው፤ ከዚያም ከራስ ትንሽ ጨምሮ መናገር ያስፈልጋል፣ ጥያቄ ብቻ ከሆነ ምርመራ ይመስላልና። ቀድሞ ወደተቋቋመ ቡድን መግባት ደግሞ ሌላ ችግር ነው። ሕፃናት ወደ ጨዋታ እንዴት እንደሚቀላቀሉ ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ስለ ራሳቸው እየተናገሩ ወይም ጨዋታውን ለመቀየር እየሞከሩ የሚገቡት ይበልጥ እንደሚገፉ፣ መጀመሪያ ጥቂት ተመልክተው ከተያዘው ጉዳይ ጋር የሚሄድ ነገር የሚሉት ግን በቀላሉ እንደሚገቡ ተገንዝበዋል። በዕድሜ ከፍ ባሉት ዘንድም ነገሩ ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም፤ ከቡድኑም ይልቅ ከአባላቱ አንዱን ብቻውን ሲያገኙት ማናገር ይቀላል።

ስንት ጓደኛ ይበቃል? ከቁጥሩ ይልቅ ጥልቀቱ የሚያመዝን ይመስላል። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት 169 ወጣቶችን ከ15 እስከ 25 ዓመታቸው ተከታትሏል። በ15 ዓመታቸው ጥልቅ የቅርብ ጓደኝነት የነበራቸው በ25 ዓመታቸው ማኅበራዊ ጭንቀታቸው ያነሰ፣ ለራሳቸው የሚሰጡት ዋጋ የበለጠ ሆኖ ሲገኝ፣ በብዙኃኑ ዘንድ ተፈላጊ የነበሩት ግን ኋላ ላይ ማኅበራዊ ጭንቀታቸው ከፍ ብሎ ታይቷል።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። ግምቱ ዝቅ ያለው ስለተዛባ ሳይሆን ትክክል ስለሆነ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በየቀኑ የሚሾፍበት፣ ሆን ተብሎ የሚገለል ወይም የሚመታ ተማሪ ክፍሉን መፍራቱ የበራስ መተማመን ጉድለት አይደለም፤ እሱን «ደፋር ሁን» ማለት ጥፋቱን በተጎጂው ላይ መጫን ነው። እዚህ ላይ ኃላፊነቱ የመምህራንና የአስተዳደሩ ነው። መምህሩ ሌላም የሚችለው ነገር አለ፤ የቡድን ሥራ ሲሰጥ «እየተመራረጣችሁ ተቧደኑ» ከማለት ይልቅ ራሱ ቢመድብ፣ ሳይመረጥ የሚቀረውን ልጅ ከዚያ አፍታ ያድነዋል፣ ለአዲስ ትውውቅም ቦታ ይከፍታል።

ፍርሃቱ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ቆይቶ ተማሪውን ከክፍል የሚያስቀር፣ የሚያውቀውን መልስ እንኳ እንዳይናገር የሚያደርግ ወይም በሰው ፊት መብላት የሚያስፈራው ከሆነ፣ ማኅበራዊ ጭንቀት ተብሎ የሚታወቀው የጤና ችግር ሊሆን ይችላል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በዚሁ የጉርምስና ዕድሜ ነው። ለዚህ ችግር ውጤታማነቱ በደንብ የተመሰከረለት ሐሳብንና ድርጊትን አብሮ የሚያክም የንግግር ሕክምና አለ። በሕክምናው ታካሚው ከሚፈራቸው ሁኔታዎች ቀለል ያለውን ይመርጣል፤ ምን ይደርስብኛል ብሎ እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ይጽፋል፤ መሸሸጊያ ልማዶቹን ትቶ ሁኔታውን ይጋፈጣል፤ ከዚያም የጻፈውን ከሆነው ነገር ጋር ያስተያያል። ወደዚህ ሕክምና የሚወስደው የመጀመሪያው ሰው የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ አማካሪ በሌለበትም ተማሪው የሚያምነው አንድ መምህር ወይም የጤና ባለሙያ ሊሆን ይችላል።