የስፒድ ቴስት ቁጥር ምን ይነግረናል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኢንተርኔት ሲያስቸግር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው የኢንተርኔት ፍጥነት መለኪያውን፣ ስፒድ ቴስትን ነው። ቁልፉን ይጫናል፣ መርፌው ከፍ ዝቅ ይላል፣ በመጨረሻ አንድ ትልቅ ቁጥር ይወጣል። ክርክሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። «ከከፈልኩት ያነሰ ነው»፣ «ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ ለምን ይቆራረጣል?»፣ «ፓኬጁን ላሳድገው እንዴ?»

ቁጥሩ አይዋሽም። ግን የሚመልሰው አንድ ጠባብ ጥያቄ ነው፦ በዚያች ቅጽበት፣ በእጃችሁ ባለው መሣሪያና በአንድ ሰርቨር (ኢንተርኔት ላይ ዳታ የሚያቀብል ኮምፒውተር) መካከል በሰከንድ ምን ያህል ዳታ አለፈ? ከዚህ አልፎ ብዙ ነገር እንዲነግረን ስንጠብቅ ነው የምንሳሳተው። ስህተቱ ደግሞ ገንዘብ ያስወጣል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«100 አለኝ፤ ፋይል ሳወርድ ግን 12 ብቻ ያሳየኛል። ተጭበርብሬያለሁ»

ከሁሉም የሚበዛው ቅሬታ ይሄ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የተጭበረበረ ሰው የለም። ስፒድ ቴስት የሚለካው በሜጋቢት ነው፤ ፋይል የሚያወርደው ፕሮግራም ግን ብዙ ጊዜ የሚያሳየው በሜጋባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ማለት 12.5 ሜጋባይት ነው። በላቲን ፊደል በአጭሩ ሲጻፉ ትንሿ ቢ ቢትን፣ ትልቋ ቢ ባይትን ታመለክታለች። ልዩነቷ ዓይን ውስጥ አትገባም፤ ስምንት እጥፍ ግን ታሳስታለች።

ሒሳቡን አንዴ ከለመዳችሁት ይጠቅማል። 1 ጊጋባይት ፋይል 8,000 ሜጋቢት ነው። መስመራችሁ 20 ሜጋቢት ከሆነ 400 ሰከንድ ይወስዳል፤ ወደ 7 ደቂቃ መሆኑ ነው። ከዚህ ትንሽ ቢዘገይም አይግረማችሁ። ዳታ የሚጓዘው በትንንሽ ፓኬቶች ተከፋፍሎ ነው፤ እያንዳንዱ ፓኬት ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር መረጃም ይሸከማል። ያም ቦታ ይይዛል። 1,000 ሜጋቢት በሚችል ኬብል የተገናኘ ኮምፒውተር ሲለካ 940 አካባቢ የሚያሳየው ለዚህ ነው።

«ቁጥሩ ካነሰ ጥፋቱ የአገልግሎት ሰጪው ነው»

ሊሆን ይችላል። ግን ከመደወላችሁ በፊት ቤታችሁን ፈትሹ። መኝታ ቤት ተኝታችሁ በስልክ ስትለኩ፣ የለካችሁት ወደ ቤት የሚገባውን መስመር ሳይሆን ዋይፋዩን ሊሆን ይችላል። ዋይፋይ ግድግዳ ባለፈ ቁጥር ይዳከማል። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሞገድ ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ ግን ቀርፋፋ ነው፣ የጎረቤት ራውተሮችም (ዋይፋይ የሚያሰራጩት ሣጥኖች) ይጋፉበታል። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን በቶሎ ያዳክመዋል።

ስለዚህ ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙ፣ ቪፒኤን (ግንኙነታችሁን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያዞር ፕሮግራም) ካለ አጥፉ፣ ሌሎች ስልኮችንና ቴሌቪዥኑን ከዋይፋይ አውጡ፣ ከዚያ ለኩ። የምትከራከሩበት ቁጥር ይሄኛው ነው።

በኬብል ስትለኩም ልብ በሉ። ፓኬጃችሁ 200 ወይም 300 ሆኖ ውጤቱ ሁልጊዜ 94 አካባቢ ላይ የሚገተር ከሆነ፣ መጀመሪያ ኬብሉን ተጠራጠሩ። ውስጡ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው 4 ናቸው። 1,000 ሜጋቢት ለማስተላለፍ አራቱም ጥንዶች ያስፈልጋሉ። አንዱ ሽቦ ከተበጠሰ ወይም ጫፉ በደንብ ካልገባ፣ ራውተሩና ኮምፒውተሩ ድምፃቸውን አጥፍተው ወደ 100 ይወርዳሉ፤ ለ100 ሁለት ጥንድ ይበቃልና። ወይም ደግሞ ኬብሉ የሚሰካበት ቦታ ራሱ ከ100 በላይ የማይችል ይሆናል። በሁለቱም በኩል ትልቅ ፓኬጅ መግዛት ምንም አይለውጥም።

«ዳውንሎዱ ከፍ ካለ ሌላው ሁሉ ጥሩ ነው»

እኔ በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ሰዎች ትልቁን ቁጥር አይተው ከታች በትንሹ የተጻፉትን ያልፏቸዋል። ቪዲዮ ጥሪ ላይ የሚያስቸግራችሁ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ታች ነው።

ፒንግ አንዲት ትንሽ መልእክት ከእናንተ ተነስታ፣ ሰርቨሩ ጋ ደርሳ፣ እስክትመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። የሚለካው በሚሊሰከንድ ነው፤ ሲያንስ ይሻላል። ጂተር ደግሞ ያ ጊዜ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ያሳያል። ዳውንሎድ ብዛትን እንጂ ቅልጥፍናን አይነግራችሁም። ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ባለ ሳተላይት የሚመጣ ኢንተርኔት ጥሩ የዳውንሎድ ቁጥር ሊኖረው ይችላል። ምልክቱ ወጥቶ ወርዶ መልሱ እስኪመጣ ግን ግማሽ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በጥሪ ላይ ሁለት ሰዎች እኩል ጀምረው እኩል የሚያቆሙት እንዲህ ሲሆን ነው።

አፕሎድም ይረሳል። በጥሪ ላይ የእናንተ ፊትና ድምፅ የሚሄደው በአፕሎድ ነው። ብዙ የቤት መስመሮች ደግሞ ዳውንሎዱን አስፍተው አፕሎዱን ያጠባሉ። ዳውንሎድ ስታደርጉ እንኳ መሣሪያችሁ «ደርሶኛል» የሚል አጭር መልስ ይልካል። አፕሎዱ ከታነቀ መልሱ ይዘገያል፣ ላኪው ይጠብቃል፣ ዳውንሎዱም አብሮ ይወርዳል።

እስቲ ይህን ሞክሩ። ማንም ኢንተርኔቱን ሳይጠቀም ፒንጉን እዩ፤ 20 ሚሊሰከንድ ነው እንበል። ከዚያ ከአንድ ስልክ ብዙ ፎቶና ቪዲዮ ወደ ክላውድ ጫኑና እንደገና እዩት። 300 ወይም 500 ከሆነ ችግሩ ተገኘ፦ ራውተሩ ሊልከው ከሚችለው በላይ ዳታ ተቀብሎ በረጅም ወረፋ አስቀምጦታል፤ የጥሪያችሁ ድምፅም ከፎቶዎቹ ኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። አንዳንድ ስፒድ ቴስቶች መስመሩ ሥራ ፈት ሲሆንና ሲጨናነቅ ያለውን ፒንግ ለየብቻ ያሳያሉ፤ ሁለቱን አወዳድሩ። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ገንዘብ አይጠይቅም። ፎቶ የሚጭነው አፕሊኬሽን የአፕሎድ ገደብ ካለው አስቀምጡለት፣ ወይም ሌሊት እንዲጭን አድርጉት። ወረፋ የሚያስተካክል ቅንብር ያላቸው ራውተሮችም አሉ።

«ሁለት ስፒድ ቴስት የተለያየ ቁጥር ካሳየ አንዱ ውሸታም ነው»

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ኡክላ የተባለው ኩባንያ ስፒድቴስት አብዛኛውን ጊዜ ቅርብ ያለ ሰርቨር መርጦ ብዙ ግንኙነቶችን በአንዴ ይከፍታል፤ ስለዚህ መስመሩ የሚችለውን ጥግ ያሳያል። ፊልም በኢንተርኔት የሚያሳየው ኔትፍሊክስ በ2016 ያወጣው ፋስት ዶት ኮም ከራሱ ከኔትፍሊክስ ሰርቨሮች ነው የሚለካው። ኤም ላብ የተባለው ተቋም መለኪያ ደግሞ በአንድ ግንኙነት ብቻ ስለሚለካ ቁጥሩ ዝቅ ሊል ይችላል። የምታዩት ፊልም ያለው ሩቅ ሰርቨር ላይ ከሆነ፣ የቅርቡ ሰርቨር ውጤት ስለ ፊልሙ ብዙ አይናገርም።

«አንዴ ለክቼዋለሁ፣ ይበቃል»

አይበቃም። ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ መስመር ይጨናነቃል። ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ፣ ለተወሰኑ ቀናት፣ በዚያው መሣሪያና በዚያው ሰርቨር ለኩ፤ ሰዓቱንም ጻፉ። ለአገልግሎት ሰጪው ስታመለክቱ ከአንድ ስክሪንሾት ይልቅ ይህ ዝርዝር ይናገራል።

«ሲግናሌ ሙሉ ነው፣ ፈጣን መሆን አለበት»

ስልካችሁ ጥግ ላይ ያሉት የሲግናል መስመሮች የሚያሳዩት ምልክቱ ምን ያህል ጠንክሮ እንደሚደርሳችሁ ነው። በዚያው አንቴና ስንት ሰው እየተጠቀመ እንደሆነ አያውቁም።

«ፊልም ከቆመብኝ ፍጥነቴ መጨመር አለበት»

ኔትፍሊክስ ለ1080 ፒ (ጥርት ላለ) ምስል 5 ሜጋቢት፣ ከዚያም በላይ ለጠራው ለ4 ኬ ደግሞ 15 ሜጋቢት ይበቃል ይላል። ሦስት ሰው በየክፍሉ 4 ኬ ቢያይ 45 ነው። 100 እያላችሁ ፊልሙ የሚቆም ከሆነ 200 መግዛት የሚፈታው አይመስለኝም። ዋይፋዩንና የማታውን መጨናነቅ መርምሩ።

«ስፒድ ቴስት ዳታ አይበላም»

ይበላል፤ መስመሩ ፈጣን በሆነ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ይበላል። በ100 ሜጋቢት ለ10 ሰከንድ ማውረድ ብቻውን 125 ሜጋባይት ነው፤ አፕሎዱ ገና አልተቆጠረም። በሞባይል ዳታ ላይ ሆናችሁ በየደቂቃው የምትለኩ ከሆነ ፓኬጃችሁ የት እንደገባ ሳታውቁት ያልቃል። የግድ ካልሆነ ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ ለኩ።