ሹጌዝ ምንድን ነው? ሪቨርብ የነካው ሁሉ አይደለም

ሰሞኑን ደግሞ መጣ። አንድ የታወቀ የአማርኛ ዘፈን ፍጥነቱ ተቀንሶ፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተዘፈነ እስኪመስል ሪቨርብ (ድምጽን የሚያስተጋባ ኢፌክት) ተደፍቶበት ዩቲዩብ ላይ ተለቋል። ከሥሩ አንዱ «ይሄ ንጹህ ሹጌዝ ነው» ብሏል። ሌላው ቀበል አድርጎ «ሹጌዝ ማለት እኮ ሪቨርብ ማለት ነው» አለ። ላይኩ ጉድ ነው።

እስከ ዛሬ እንዲህ ያለውን አይቼ እንዳላየ አልፍ ነበር። አሁን ግን በዛ። የእኔ እንጀራ ሚክሲንግ (የተቀዱ ድምጾችን አመጣጥኖ ማዋሃድ) ነው፤ ሪቨርብ ስጨምርና ስቀንስ ነው የምውለው። ሪቨርብ የነካው ሁሉ ሹጌዝ ከሆነማ የሰርግ ቤት ማይክም ሹጌዝ ነው። ሙሽሮቹን «ግቡ» የሚለው ሰውዬም ሹጌዝ ዘፋኝ ነው።

መሠረታዊውን ነገር ባጭሩ ልበል። እንግሊዝ አገር፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 90ዎቹ መጀመሪያ፣ ጊታር የሚያጥለቀልቀው፣ ድምጻዊው በስሱ የሚዘፍንበት ሙዚቃ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ስሙን ያወጡለት የሙዚቃ ጋዜጠኞች ናቸው፤ ያወጡትም ለስድብ ነው። ሙስ የሚባል ባንድ ዘፋኝ ግጥሙን ወለሉ ላይ ለጥፎ፣ አቀርቅሮ እያነበበ ይዘፍን ነበር። ሳውንድስ የተባለው ጋዜጣ በዚህ ተሳለቀ፤ «ጫማቸውን የሚያዩ» የሚለው ስም በዚያው ተጣበቀ። ሌሎቹ ባንዶች ደግሞ ወደ ታች የሚያዩት ፔዳል (የጊታሩን ድምጽ የሚለውጥ፣ በእግር የሚረገጥ ሳጥን) ስለሚረግጡ ነው። እግራቸው ሥር ፔዳል ተደርድሯል፤ በዘፈኑ መሃል የትኛውን እንደሚያበሩና እንደሚያጠፉ ማየት አለባቸው። ሥራ ላይ ናቸው እንጂ አላፈሩም፣ አላዘኑም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሰው የሚሳሳተው ሪቨርቡ ምን ያህል ነው እያለ ስለሚለካ ነው። ጥያቄው ሪቨርቡ መቼ ገባ የሚለው ነው።

ዲስቶርሽን የሚባለው ኢፌክት ድምጽን ያሻክራል፤ ይሄን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ሌላው ሥራው ነው። ትልቁን ድምጽ ከላይ ይቆርጠዋል፣ ትንሹን ከታች ያነሳዋል፣ በመጨረሻ ሁለቱ ሊተካከሉ ትንሽ ይቀራቸዋል። ሪቨርብ ደግሞ ጅራት አለው፤ ክሩ ከተመታ በኋላ እየሳሳ እየሳሳ የሚሄደው ድምጽ ማለት ነው። አሁን ሪቨርቡን ከዲስቶርሽኑ በኋላ አድርጉት። የምትሰሙት አዳራሽ ውስጥ የሚጮህ ሻካራ ጊታር ነው። የታወቀ ሮክ። ቦታቸውን ቀያይሩና ሪቨርቡን ከዲስቶርሽኑ በፊት አድርጉት። ዲስቶርሽኑ ያንን የሳሳ ጅራት አፈፍ አድርጎ ከምቱ እኩል ያወጣዋል። ኖታው የት ጀምሮ የት እንዳለቀ ይጠፋል። ኮርዱ (አንድ ላይ የሚመቱ ኖታዎች) ውስጥ ያሉት ድምጾች እርስ በርስ ይላተሙና ጊታሪስቱ ጨርሶ ያልነካው ድምጽ ይወለዳል። ዕቃው ያው፣ መጠኑም ያው፤ የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው።

ዶሮ ወጥ ሠርቶ የሚያውቅ ይሄ ቶሎ ይገባዋል። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ይቁላላል፤ ቀስ ብሎ፣ ቅርጹ እስኪጠፋ። በርበሬው፣ ቅቤው፣ ሌላው ሁሉ በላዩ ይመጣል። ስትበሉ ሽንኩርቱን ብትፈልጉት አታገኙትም፤ ወጡ ራሱ እሱ ነው። መከለሻ ግን ሲያልቅ ነው ነስነስ የሚደረገው። ሹጌዝ ውስጥ ሪቨርቡ ሽንኩርቱ ነው። ያ ዩቲዩብ ላይ ያለው ዘፈን ውስጥ ግን መከለሻ ነው፤ ሌላ ሰው ሠርቶ የጨረሰው ወጥ ላይ የተነሰነሰ። መከለሻ ሸጋ ነገር ነው፣ አልጠላውም። ግን መከለሻ አብዝቶ ሽሮን ዶሮ ወጥ ያደረገ ሰው አላየሁም። ምሳሌውን ትንሽ ከጎተትኩት ድምጻዊው ዶሮው ነው። ከላይ አይቀመጥም፤ ቁሌቱ ውስጥ ገብቶ አብሮ ይበስላል። እንቁላሉን ለድራሙ ሰጥቼዋለሁ፤ መሃል ላይ ክብነቱን እንደያዘ ይታያል። ድፎ ዳቦው ማን ነው እንዳትሉኝ።

አንዱ «ማይ ብለዲ ቫለንታይን እኮ መቶ ጊታር ደራርቦ ነው» ብሎ ይመጣል። በ1991 ስለወጣው ሎቭለስ አልበም ይሄ ወሬ ስንት ዓመት ሙሉ ተናፈሰ። የባንዱ ጊታሪስት ኬቨን ሺልድስ ራሱ የተደረበው ሰው ከሚገምተው በጣም ያነሰ ነው እያለ ሲያስተባብል ኖሯል። የእሱ ዘዴ ሌላ ነው። ጊታሩ ላይ ትሬሞሎ የሚባል የብረት ክንድ አለ። እሱን በመዳፉ እንደያዘ ክሩን ይመታል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ኮርድ ሲመታ እየታጠፈ ይወጣል። ራስ የሚያዞረው ነገር ያ ነው። ብዛት አይደለም፣ እጅ ነው።

አሁን ስሎውዳይቭን እንይ። የመረጥኳቸው የእነሱ ታሪክ ክርክሩን ስለሚጨርስልኝ ነው።

ባንዱ የተመሠረተው በ1989 ሬዲንግ ውስጥ ነው። ከለንደን በስተ ምዕራብ ያለች ከተማ ናት። ኒል ሃልስቴድና ሬቸል ጎስዌል ከልጅነታቸው ጀምሮ ይተዋወቃሉ፤ ሁለቱም ጊታር ይጫወታሉ፣ ሁለቱም ይዘፍናሉ። ክርስቲያን ሳቪል በጊታር፣ ኒክ ቻፕሊን በቤዝ፣ ትንሽ ቆይቶ ሳይመን ስኮት በድራም ተጨመሩ። ክሪኤሽን ሬኮርድስ የሚባለው የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ አስፈረማቸው። የመጀመሪያው አልበም ጀስት ፎር ኤ ዴይ በመስከረም 1991 ሲወጣ ሃልስቴድና ጎስዌል ገና 20 ዓመታቸው ነበር። በእንግሊዝ የአልበም ሰንጠረዥ 32ኛ ሆነ። ለልጆች መጥፎ አይደለም።

ችግሩ ወሩ ነው። በዚያው መስከረም ኒርቫና የተባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ አልበም ኔቨርማይንድ ወጣ። ትናንት ሲያወድሷቸው የነበሩት ጋዜጦች ፊታቸውን አዞሩ። ሃልስቴድ ለሁለተኛው አልበም ወደ 40 የሚጠጉ ዘፈኖች ይዞ ሄደ፤ የክሪኤሽኑ አለቃ አለን ማክጊ አንዱንም አልወደደም። እንደገና ከዜሮ ተጀመረ።

እዚህ ላይ ታዋቂው ሙዚቀኛና ፕሮዲውሰር ብራያን ኢኖ ይመጣል። ባንዱ ፕሮዲውሰር እንዲሆናቸው ጠየቁት፤ እሱ ፕሮዲውስ ማድረጉን ትቶ አብሮ መሥራት ይሻለኛል አለ። ሃልስቴድ ኋላ እንዳወራው ኢኖ ስቱዲዮ እንደገባ መጀመሪያ ያደረገው ሰዓቱን ከግድግዳ ላይ ማውረድ ነው። ከዚያ «አንተ ጊታር ተጫወት፣ እኔ እቀዳለሁ» አለው። ምን እንደሚጫወት ግድ አልነበረውም። ሲንግ የሚለው ዘፈን ከዚያ ሥራ የወጣ ነው። ልብ በሉ፤ ዘፈን ተጽፎ ኢፌክት አልተጨመረለትም። ድምጹ ቀደመ፣ ዘፈኑ ከድምጹ ውስጥ ተለቀመ። ለዚያ አስተያየት ሰጪ ማስረዳት የፈለግሁት ይሄንኑ ነው።

አልበሙ ሱቭላኪ ይባላል፣ በ1993 ወጣ። ዛሬ የዘርፉ ምርጥ ከሚባሉት አንዱ ነው። ያኔ ግን 51ኛ ላይ ቆመ። ሜሎዲ ሜከር የተባለው የሙዚቃ ጋዜጣ ገምጋሚ ይሄን ደግሜ ከምሰማ ገንፎ በሞላ ገንዳ ውስጥ ታንቄ ብሞት ይሻለኛል ብሎ ጻፈ። ሰውየው ገንፎውን የት እንዳገኘው እንጃ እንጂ፣ የጠላውን ነገር በትክክል ሰምቶታል። እህልና ውሃው ሊለይ አይችልም።

እስቲ አሊሰን የሚለውን የአልበሙን መክፈቻ በጥሞና ስሙት። ጊታሩ ሲገባ የጣት ምት ትጠብቃላችሁ፤ የሚመጣው ግን ጠርዝ የሌለው ነገር ነው። በዚያ ዘመን ስሎውዳይቭ ያማሃ ኤፍኤክስ500 የሚባል ዲጂታል የኢፌክት ሳጥን ይጠቀሙ ነበር። ውስጡ «ሶፍት ፎከስ» የሚል ዝግጁ ድምጽ አለ፤ ዛሬ ኩባንያዎች እሱን ብቻ የሚመስል ፔዳል እየሠሩ ይሸጣሉ። ድምጻውያኑን ደግሞ ስሟቸው። ከጊታሩ በላይ አይወጡም። ቃላቱን ለመያዝ ብትታገሉ አትችሉም፤ «ስ» እና «ት» ሁሉ ተሟሙተዋል። ቤዙ ግን ንጹህ ነው። ሁሉም ነገር ሲሟሟ ዘፈኑ የት እንዳለ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

መንገዴን ሳልስት አንድ ነገር ለሙያ ባልደረቦቼ። ድምጻዊ መቅበር ማለት ፌደሩን (የድምጽ መጠን መቆጣጠሪያውን) ማውረድ አይደለም። ተቀናቃኙ ጊታር መሃለኛውን ፍሪኩዌንሲ ሁሉ ከያዘው ድምጻዊው ዝቅ ብሎም ይሁን ከፍ ብሎ አይሰማም። ቦታ ሊሠራለት ይገባል፣ በኋላ ነው የሚወርደው። ጀማሪ ልጆች «ሹጌዝ ነው» እያሉ ያልተስተካከለ ሚክስ ያመጡልኛል። ያ ሹጌዝ አይደለም፣ ያላለቀ ሥራ ነው።

እዚያው ሱቭላኪ መጨረሻ ላይ ዳገር የሚል ዘፈን አለ። አኩስቲክ ጊታርና ድምጽ፣ ብዙም ሌላ የለም። ተቃዋሚዬ «ታዲያ ይሄስ?» ይለኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ እንደምሰማው ዳገር ሹጌዝ አይደለም፤ የሹጌዝ አልበም ላይ ያለ ደስ የሚል የፎክ ዘፈን ነው።

ይሄን ያልኩት በግምት አይደለም። በ1995 ሦስተኛው አልበም ፒግማሊየን ወጣ፤ በሳምንቱ ክሪኤሽን አሰናበታቸው። ሃልስቴድና ጎስዌል ሞሃቪ 3 የሚባል ባንድ መሠረቱና ፎርኤዲ ከሚባለው ኩባንያ ጋር ፈረሙ። ያው ደራሲ፣ ያው ሁለት ድምጽ፣ ያው የተረጋጋ አዘፋፈን። ፔዳሉን ግን አስቀመጡት። የመጀመሪያውን አልበማቸውን ለማያውቅ ሰው አሰሙትና ምን እንደሆነ ጠይቁት። ፎክ ይላችኋል፣ ካንትሪ ይላችኋል። ሹጌዝ የሚል አንድ ሰው አታገኙም። ቀስ ማለትና ማዘን ሹጌዝ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ከዚህ በላይ ሹጌዝ አይኖርም ነበር።

ፒግማሊየን ደግሞ የሌላውን ወገን ስህተት ያርማል፤ «ሹጌዝ ማለት የጩኸት ግድግዳ ነው» የሚሉትን። አልበሙ ላይ ጩኸት የለም። ድራሙ አለ ለማለት ያህል ነው። ሃልስቴድ በዚያ ጊዜ ኤሌክትሮኒክና አምቢየንት (ዝግ ያለ፣ ድባብ የሚፈጥር) ሙዚቃ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ጊታሩን ቆራርጦ ሉፕ (እየዞረ የሚደገም ድምጽ) አደረገው። የመጀመሪያው ዘፈን ሩቲ አሥር ደቂቃ ይወስዳል፣ አይቸኩልም። ክሬዚ ፎር ዩ ውስጥ አንድ ሐረግ እየተመላለሰ ድምጽ ብቻ እስኪሆን ይደገማል። ይሄ አምቢየንት ነው እንጂ ሹጌዝ አይደለም የሚሉ የማከብራቸው ሰዎች አሉ። አልጣላቸውም። እኔ ግን ዘዴው ያው ስለሆነ ያው ነው እላለሁ፤ ሽንኩርቱ ተቁላልቷል፣ በርበሬ አልገባም። አልጫ ነው በሉት።

በነገራችን ላይ ፒግማሊየንን በስልክ ስፒከር ሰምታችሁ «ባዶ ነው» እንዳትሉኝ። ይሄ ሁሉ ሙዚቃ በግራና በቀኝ የተዘረጋ ነው። ሁለቱ ወገኖች አንድ ስፒከር ላይ ሲጨመቁ የሚጠፋፉ ድምጾች አሉ፤ ኮረስ የሚባለው፣ አንዱን ድምጽ ብዙ የሚያስመስለው ኢፌክት በተለይ። የምትሰሙት የተረፈውን ነው።

የቀረውን ባጭሩ። በ2014 ተመልሰው ተገናኙ፤ ባርሴሎና ላይ ፕሪማቬራ ሳውንድ ፌስቲቫል ላይ ተጫወቱ። በ2017 በባንዱ ስም የተሰየመ አልበም አወጡ፣ ከ22 ዓመት በኋላ። በ2023 ኤቭሪቲንግ ኢዝ አላይቭ ተከተለ። ይሄኛው የተጀመረው ሃልስቴድ ብቻውን በሲንተሳይዘር ከሠራቸው ነገሮች ነው፤ ጊታሩ ኋላ መጣ። አልበሙ በ2020 ላረፉት ለጎስዌል እናትና ለስኮት አባት መታሰቢያ ነው። እንግሊዝ ውስጥ 6ኛ ሆነ። ገንፎ ከተባለው ሱቭላኪ 45 ደረጃ ከፍ ብሎ ማለት ነው።

እና ያ ፍጥነቱ የተቀነሰው ዘፈን ምንድን ነው? ስም አለው እኮ፣ ስሎውድ ፕላስ ሪቨርብ ይባላል። ዘሩም ቢቆጠር ከሬዲንግ አይመጣም። ሂውስተን፣ ቴክሳስ ነው፤ በ1990ዎቹ ዲጄ ስክሩ የሂፕሆፕ ዘፈኖችን እያዘገመ በካሴት ይሸጥ የነበረበት ከተማ። የራሱ የሆነ ትልቅ ታሪክ ያለው ሙዚቃ ነው፤ የሌላ ስም መበደር አያስፈልገውም።

«የአማርኛ ሹጌዝ ታዲያ አይቻልም ማለት ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ አለ። ለምን አይቻልም። ዘፈኑን አትጻፍ መጀመሪያ። ክራሩን ሪቨርብ ውስጥ አስገባው፣ ሪቨርቡን ዲስቶርሽን ውስጥ። አንድ ክር ምታና ጠብቅ፤ የሚመጣውን ስማ። ዜማህን ከዚያ ፈልግ። ክራሩ ግን ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ዕቃ) ያለው ይሁን። በማይክ ከሞከርከው ፊድባኩ (ማይኩ የስፒከሩን ድምጽ መልሶ ሲይዝ የሚመጣው ጩኸት) ጎረቤት ያስጠራል።