በቅጠል ስለሚታተም ጨርቅ የሚወሩ ነገሮችና እውነታው

ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ባዛር ላይ የቅጠል ቅርፅ የታተመበት ነጠላና ስካርፍ እየበዛ ነው፣ በጣም ደስ ይላል፣ ግን አብሮት የሚወራው ነገር ገዢውንም ጀማሪውንም እያሳሳተ ስለሆነ ደጋግሜ የምሰማቸውን ልመልስ።

"ቅጠሉን ጨርቁ ላይ ዘርግቶ፣ ጠቅልሎ አስሮ በእንፋሎት ማብሰል ነው፣ አለቀ" ይላሉ። እሱኮ የመጨረሻው ስራ ነው! አዲስ የጥጥ ጨርቅ ቅባትና ስታርች ይኖረዋል፣ በሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት የሚባለው ነጭ ዱቄት) ተቀቅሎ ካልወጣለት ቀለሙ ወደ ክሩ አይገባም። ከዛ ሞርዳንት ያስፈልጋል፣ ማለትም ቀለሙን ከክሩ ጋር ሚያያይዝ ነገር፣ በብዛት ሚሰራበት ደግሞ አሉም ነው፣ ያ ውሃ ለማጥራት የሚጠቀሙበት ነጩ። ለሱፍና ለሐር ከደረቁ ጨርቅ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ይበቃል፣ ግማሽ ኪሎ ጨርቅ ከሆነ ከ50 እስከ 75 ግራም ማለት ነው። ጥጥ ላይ ነው ችግሩ። ሱፍና ሐር ፕሮቲን ስለሆኑ ቀለም ቶሎ ይይዛሉ፣ ጥጥ ግን ሴሉሎስ፣ ማለትም የእፅዋት ክር ስለሆነ አሉምን ብቻውን በደንብ አይዝም፣ መጀመሪያ ታኒን (ሻይ ውስጥ ያለው አፍ የሚያደርቀው ነገር) ያለበት ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ነው ወደ አሉም የሚገባው፣ ካልሆነም አሉሚኒየም አሲቴት በሚባል ሌላ ሞርዳንት ይሰራል። የኛ ነጠላም ጋቢም ጥጥ ነው፣ እና ሰው በሐር የተሰራ ቪዲዮ አይቶ ነጠላ ላይ ይሞክርና ገርጥቶ ሲወጣበት ቅጠሉን ይወቅሳል፣ ቅጠሉ ምንም አላጠፋም።

ሌላው "ጨውና ኮምጣጤ ቀለም ይይዛል" የሚለው ነው። ጨው ለእፅዋት ቀለም ሞርዳንት አይሆንም። ኮምጣጤም ብቻውን አይደለም፣ የዛገ ሚስማር ውስጡ ሲሰነብት ግን የብረት አሲቴት ይሆናል፣ እሱ ነው ሚሰራው፣ ታኒን ካለው ቅጠል ጋር ሲገናኝ ግራጫና ጥቁር ያወጣል። ትንሽ ብቻ ነው ሚያስፈልገው፣ ብረት ሲበዛ ክር ያደርቃል ይበላል።

አረንጓዴ ቅጠል አረንጓዴ ያትማል ብሎ ሚጠብቅም ብዙ ነው። ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ጨርቅ ላይ አይቆይም፣ ሚታተመው ቅጠሉ ውስጥ ያለው ሌላው ቀለምና ታኒን ነው። ባህር ዛፍን ውሰዱ፣ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ እንጦጦን የሞላው ማለቴ ነው፣ እንደ ዝርያው ይለያያል እንጂ ሱፍና ሐር ላይ ያለ ምንም ሞርዳንት ብርቱካናማና ዝገት መሳይ ቀለም ያወጣል፣ ጥጥ ላይ ደግሞ ከብረት ጋር ጠቆር ይላል። የፅጌረዳና የክትክታ ቅጠልም ሞክሩ፣ ቅርፁ ጥርት ብሎ ነው ሚወጣው።

"ቀይ ስርና ካርካዴ ምርጥ ቀይ ይሰጣል"። ለጥቂት ቀን አዎ፣ ከዛ ፀሐይና እጥበት ይወስደዋል። እርድም ቢጫው ያምራል ግን ፀሐይ አይችልም። የሽንኩርት ልጣጭ ይሻላል፣ ከየምግብ ቤቱ በነፃ ይገኛል።

"ተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም" የሚለው ደግሞ በጣም ያሳስበኛል። ለደማቅ ቀለም ብለው ኮፐር ሰልፌት ሚጨምሩ አሉ፣ እሱ መርዝ ነው፣ ቱቦ ውስጥም ዝም ብሎ አይደፋም። መርዛማ ቅጠልም አለ፣ ኦሊያንደርን የመሰለ። በአሉም ብትሰሩም ድስቱ ለወጥ አይመለስ፣ ዱቄቱን ስትመዝኑ ማስክ አድርጉ።

ስትገዙ "ንፁህ ጥጥ ነው" ከተባላችሁ ከዘርፉ አንድ ክር ለምናችሁ አቃጥሉት፣ ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ይሆናል፣ ፖሊስተር ደግሞ የቅጠል ቀለም አይዝም። ሚያብረቀርቅ ጥለትም ብዙ ጊዜ ሰው ሰራሽ ክር ስለሆነ ሳይታተም ቢቀር አትገረሙ።

ቤት ስትወስዱት በቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ ሳሙና እጠቡት፣ ጥላ ላይ አስጡት። ምግብ ስትበሉ ሎሚ እንዳይነካው ተጠንቀቁ፣ ከብረት የመጣውን ጥቁር ቀለም የነካበት ቦታ ላይ ያነጣዋል።