ገነተ ልዑል፦ ልጅ ይዞ ተረት ፍለጋ

ገነተ ልዑል ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ውስጥ የሚገኝ የቀድሞ ቤተ መንግሥት ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ይገኝበታል። አዋቂ የሚመጣው የንጉሡን መኝታ ቤት ለማየት ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ልጅ ይዞ ለሚመጣ ነው። ስለ ልጅነት፣ ስለ ጨዋታና ስለ ተረት የሚያሳይ ሙዚየም በከተማችን እንደ ልብ አይገኝም።

ቤቱን ያሠሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ ጊዜው 1920ዎቹ ነው። ብዙም ሳይቀመጡበት ጣሊያን ገባና የግራዚያኒ መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል መወለዱን ምክንያት አድርጎ እዚሁ ደጅ ላይ ለድሆች ምጽዋት ያሰጥ ነበር። ጀግኖቹ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወረወሩበት። ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ የከተማው ሕዝብ ተጨፈጨፈ። የኢትዮጵያ መንግሥት 30 ሺህ ሰው አልቋል ይላል። ጣሊያኖች ቁጥሩን እጅግ ያሳንሱታል፤ የነሱን ቆጠራ አምኖ መቀበል ግን ይከብዳል። ከግቢው ውጭ አደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት የነዚያ ሰማዕታት ነው።

ከቤቱ ፊት ለፊት የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች ለፋሺዝም የሥልጣን ዘመን በዓመት አንድ ደረጃ እያሉ የሠሩት ነው ይባላል። ከነፃነት በኋላ ጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ልጆች መጀመሪያ የሚሮጡት ወደዚህ ነው። «ወዴት ነው የሚወስደው?» ይላሉ። «አንበሳው ጋ» ከማለት የተሻለ መልስ እስካሁን አላገኘሁም።

በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ያገቷቸው መኳንንትና ሚኒስትሮች የተረሸኑት እዚህ ቤት፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነው። ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 1954 ዓ.ም.፣ ዩኒቨርሲቲው በዚሁ ግቢ ተመረቀ። ንጉሡ ቤታቸውን ለትምህርት መስጠታቸው ዛሬም ያኮራናል። የጥናት ተቋሙ በአውሮፓውያን 1963 ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። በደርግ ዘመን የዩኒቨርሲቲው ስም ተለወጠ።

የሙዚየሙ አደረጃጀት ለልጅ የሚመች ነው። ዕቃው በብሔረሰብ አልተከፋፈለም፤ የሰውን ዕድሜ ይከተላል። ከልደት ይነሣል፣ በልጅነት ጨዋታና ተረት አልፎ ወደ ጉልምስና፣ ከዚያም ወደ ሞት ይሄዳል። ክራሩ፣ በገናውና የቤተ ክርስቲያን ሥዕሉም እዚሁ ናቸው። ከሞቱ ክፍል በፊት ልጅ ይደክመዋል፤ አይፈረድበትም።

ተረቱ ግን ግድግዳ ላይ የተጻፈ ነው። ተረት ደግሞ ተቀባይ ይፈልጋል። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚል ከሌለ ተረቱ አይሄድም። ስለዚህ ጽሑፉን ለራስህ አንብበውና ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ለልጆቹ በቃልህ ንገራቸው። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ያንን ሁሉ ዘመን የተወደዱት በቃላቸው፣ በድምፃቸውና በፊታቸው ስለሚያወሩ ነው። አያ ጅቦን በጎርናና፣ እመት ጦጢትን በቀጭን ድምፅ ማውራት የግድ ነው። ስትጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ትላለህ። ዳቦውን ከቤት ይዞ መምጣት ያዋጣል።

ግቢው ሰፊ ነው፤ ዛፉም ብዙ። ጠዋት መሄድ ይሻላል። ሣሩ ገና እርጥብ እያለ «እንቆቅልህ» በል። «ምን አውቅልህ» ይሉሃል። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።» ካቃታቸው «አገር ስጠኝ» ነው። ድሮ ጎንደር ወይም ሐረር ይሰጥ ነበር፤ የዘንድሮ ልጅ ቦሌን ይሰጥሃል። ቦሌህን ተቀብለህ ከሙዚየሙ ስትወጡ ሣሩን አሳያቸው። ጤዛው የለም።